ተንሳፋፊ ቡና፤ ከፍስሐ ገነት የለቀማ ወቅት ማስታወሻ

ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ በቡና ማጠቢያ ጣቢያችን እሸት ቡና ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ውሃ ውስጥ ይገባል። ሥራ አስኪያጃችን ሰማያዊዎቹን በርሜሎች ሚዛኑ አጠገብ አስደርድሮ፣ "መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ኪሎ" አለን።

እስከ ዓምና ድረስ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ገበሬው ጆንያውን ሸራ ላይ ይዘረግፋል፣ አረንጓዴውንና ጥቁሩን በእጁ ይለቅማል፣ እኔ መዝኜ ደረሰኝ እቆርጥለታለሁ፣ ቡናው ወደ መቀበያ ገንዳው ይገባል። ቀሎ የሚንሳፈፈው የሚለየው እዚያ ገንዳ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ገበሬው ብሩን ይዞ ሄዷል። ስንት ኪሎ እንደተንሳፈፈበት አያውቅም፤ እኛም የማን እንደሆነ አናውቅም፤ የሁሉም ተደባልቋል። ኪሳራው ግን የሆነ ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም። ጣቢያው በማግስቱ የሚቆርጠው ዋጋ ውስጥ ያስበዋል። ስለዚህ ቀዩን ብቻ መርጣ፣ ጣቷ እስኪላጥ ለቅማ ያመጣች ሴት የሌላውን ሰው ቀላል ቡና ኪሳራ ስትከፍል ኖራለች። ይህ ነገር ሁሌም ይከነክነኝ ነበር። ዛሬ በርሜሉን ሳይ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

ገበሬው ግን ወዲያው አልተቀበለውም። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ በርሜሉን ሲያዩ ቆዩና፣ "ልጄ፣ የረጠበ ቡና ይከብዳል፤ ኋላ ውሃ መዘናችሁብን ብላችሁ ልትቀንሱብን ነው?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ከውሃ የወጣ እሸት ላዩ ላይ የያዘው ውሃ በሚዛን ይታያል። ጣቢያው በጅምላ "ለውሃው ይህን ያህል" ብሎ ቢቀንስ ክርክሩ አያልቅም። ከሰዓት በኋላ አንድ የማድረቂያ አልጋ ሚዛኑ አጠገብ አምጥተን ቡናው ሽቦው ላይ ተንጠፍጥፎ እንዲመዘን አደረግን። አዛውንቱም ቆመው አዩ፣ እጃቸውን ፍሬው ላይ አሳርፈው ዳሰሱት፣ ከዚያ "እንዲህ ከሆነ ይሁን" ብለው ጆንያቸውን አስወረዱ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ከበርሜሉ ላይ አንድ እፍኝ ተንሳፋፊ ቀፍፌ በምላጭ ስሰነጥቅ አረፈድኩ። ከውጭ ሲያዩት ግማሹ ቀይና ያማረ ነው። የመጀመሪያዋን ፍሬ ስከፍታት ከሁለቱ የቡና ፍሬዎች አንዷ ብቻ ሞልታለች፤ ሌላዋ ስስ ሽፋን ብቻ ሆና ቀርታለች፣ ቦታዋን የያዘው አየር ነው። የሚያንሳፍፋትም ያ አየር ነው። ሁለተኛዋ ጫፏ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ አለች። ቦርቧሪ ተባይ ገብቶ ውስጧን በልቶታል፤ አቧራ የመሰለ ጥቁር ዱቄት ምላጬ ላይ ቀረ። ሦስተኛዋ ዛፉ ላይ እንዳለች ደርቃ የተጨማደደች ናት። ሌላዋ ላይ ጥቁርና ሰርጎድ ያለ ጠባሳ አየሁ፤ ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት የፍሬ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1963 ዓ.ም. ነው። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከየጫካው መርጠው ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በደንብ የሞላ ቀይ እሸት ከውሃ ጥቂት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥሬው አረንጓዴ ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሰጥም ነው። ውስጡ ጠጣር ነዋ። ስለዚህ በርሜሉ የእጅ ለቀማውን አያስቀርም። ውሃው የጎደለውን ያወጣል፣ ያልበሰለውን የሚያወጣው ዓይን ነው። ዛሬ ሁለት ወጣቶች "ውሃው ካለ ለምን እንለቅማለን" ብለው እሸቱን እንዳለ ሲያፈሱ ነበር። ከበርሜሉ ሥር የወጣውን ዘርግፌ ስንት አረንጓዴ እንዳለበት አሳየኋቸው። ሳይናገሩ ቁጭ ብለው ለቀሙ።

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን ነካው። ከወደ ኮረብታው የመጡ አንድ ገበሬ ሁለት ጆንያ ይዘው ነበር፤ አንደኛው ከቤታቸው ጓሮ፣ ሌላው ከታችኛው ማሳ የተለቀመ። የጓሮው ሲገባ በርሜሉ ላይ የቀረው ጥቂት ነው። የታችኛው ግን የበርሜሉን አፍ ሸፈነው። ሰውየው አጎንብሰው አዩትና፣ "አባቴ የተከላቸው ናቸው፤ አርጅተዋል ማለት ነው" አሉ። የግብርና ባለሙያው ያረጀ ቡና ይጎንደል እያለ ሲጎተጉታቸው እንደቆየና ሁለት ሦስት ዓመት ያለ ምርት መቆየቱ ከብዷቸው እሺ እንዳላሉት ነገሩኝ። ቡናው ከተመዘነ በኋላ ቢንሳፈፍ ኖሮ ይህን አያዩም ነበር። በርሜሉ ለእኔ የጥራት መለያ ነው፤ ለእሳቸው ግን ስለ ማሳቸው የሚነግራቸው ነገር ሆነ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ዛሬ ጣቢያ አልሄድኩም። እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ስትፍቅ ውላለች። የተጨመቀው ውሃ ረግቶ ከሥሩ ነጭ ቡላ ሲቀር፣ ላዩን ቀስ ብላ ዘንበል አድርጋ ደፋችው። በዚህ ምድር ቡናውም እንሰቱም በውሃ ይለያል፤ በሁለቱም የሚፈለገው ከሥር የሚቀረው ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በአንድ ጓሮ ውስጥ ዛፉ ከላይ፣ እንሰቱ ከመሐል፣ ቡናው ከሥሩ ተደጋግፈው ስለሚኖሩበት አስተራረስ ብዙ ተባለ። የሴቶቹ የእጅ ሥራም አብሮ እንዲነገር እመኛለሁ።

ማታ እህቴ የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ መጣች። ብረት ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ታዲያ የብረት መርከብ ለምን አይሰጥምም የሚል ጥያቄ ተሰጥቷቸዋል። መርከብ አይታ አታውቅም፤ እኔም ያየሁት በሥዕል ነው። ባልዲ ሞልቼ አንድ ማንኪያ ጣልኩ፣ ሰጠመ። የብረት ድስቱን አስቀመጥኩ፣ ተንሳፈፈ። "በውስጡ ያለው ባዶ ቦታ አብሮ ይቆጠራላ፤ ድስቱ ገፍቶ ያስለቀቀው ውሃ ከድስቱ ጋር እኩል እስኪመዝን ድረስ ብቻ ነው የሚወርደው" አልኳት። አርኪሜደስ የሚባለው የጥንት ግሪካዊ ያወጣው ሕግ ይኸው ነው። ከዚያ ባዶ ፍሬ ያላትን እሸት ጨመርኩላት። ወዲያው ገባት።

ስለ መርከብ ስናወራ የእኛው ቡና ወዴት እንደሚሄድም ነገርኳት። ከዚህ በመኪና ዲላን፣ ሐዋሳን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ተፈልፍሎ፣ ተበጥሮ፣ ተለቅሞ ጅቡቲ ይወርዳል። አንድ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ ይይዛል፤ 19 ቶን ከ200 ኪሎ መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል። ራሷ በጣቷ አባዝታ፣ "ታዲያ ለአንድ ሳጥን ከ100 ሺህ ኪሎ በላይ እሸት ይለቀማል ማለት ነው!" አለች። ካለፈው ዓመት ኅዳር ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ በሚሰነዘረው ጥቃት ምክንያት ብዙዎቹ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ዞረው ነው። መንገዱ ሲረዝም ኪራዩም ይወደዳል፣ ያም ወጪ ተመልሶ እዚህ ይደርሳል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሌሊቱን የማጠቢያ ቦዩ ላይ አደርኩ። ቡናው ተፈልፍሎ ማብላያ ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ አየሩ ብርድና ሙቀት ከ36 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ያለበሰው ሙጫ ተብላልቶ ሲለቅ እጅ ውስጥ ሲታሽ ይሻክራል፤ ያን ጊዜ ደርሷል ይባላል። ከዚያ ወደ ቦዩ ይለቀቃል። ወንዶቹ በእግራቸው ውሃው ውስጥ ገብተው በእንጨት መግፊያ ወደ ላይ ይገፉታል፣ ውሃው ወደ ታች ይመልሰዋል፣ ያዜማሉ፣ ይገፋሉ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ዜማው ባይኖር ማንም እስኪነጋ የሚቆም አይመስለኝም።

ማንሳፈፉ እዚህም ይቀጥላል። ነጭ ቅርፊቱን የለበሰው ፓርችመንት ቦዩ ውስጥ ሲገፋ ከባዱ ከላይ ባለው በኩል ተኝቶ ይቀራል፤ መካከለኛው ትንሽ ወረድ ይላል፤ ቀላሉ ላይ ላዩን እየተንሳፈፈ ወደ ቦዩ ጫፍ ይሄዳል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የምንለው እዚህ ነው የሚለየው። እያንዳንዱ የራሱ አልጋ ይሰጠዋል፣ አይደባለቅም። በርሜሉ ያሳለፈው እንኳ እዚህ ይያዛል፤ ምክንያቱም የእሸቱ ሥጋ ወፍሮ ክብደት ሰጥቶት የሰጠመ፣ ውስጡ ግን ደካማ የሆነ ፍሬ አለ።

ይህን ሁሉ ድካም ለምን እንደምንደክም የሚጠይቅ ካለ ቤቱ ገብቶ ምጣዱን ይይ። እናቴ ቡና ስትቆላ ሁሉ ጠቁሮ አንዳንዶቹ ፈዝዘው ይቀራሉ፤ በማንኪያ ጫፍ ለይታ ታወጣቸዋለች። እነሱ ሳይሞሉና ሳይበስሉ የተለቀሙት ናቸው። ዲላ በሚገኘው የምርት ገበያው የቅምሻ ማዕከል ናሙናችን ሲቆላና ሲቀመስም የሚታየው ይኸው ነው። ቀላሉ ፍሬ የድርቆሽ ጣዕም ያመጣል፣ ወረዳችን ኮቸሬ የሚታወቅበትን የአበባና የሎሚ መዓዛ ይሸፍነዋል።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ዛሬ የፈራሁት ክርክር መጣ። የተንሳፈፈው የማን ነው? ጣቢያው ባለፉት ቀናት ተንሳፋፊውን ሳይመዝን፣ ሳይከፍልበት ለብቻ አልጋ ላይ እያሰጣው ነበር። ሲደርቅ ጀንፈል ሆኖ ለአገር ውስጥ ገበያ ይሸጣል፤ ዋጋው ከታጠበው ያንሳል እንጂ ዋጋ አለው። አንዲት እናት ጆንያዋን ዘርግታ፣ "ካልገዛችሁኝ መልሱልኝ፤ ደጃፌ ላይ አደርቀዋለሁ" አለች። የተቀባዩ ረዳት "እዚህ የገባ አይወጣም" አላት።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፤ ይህንንም ለሥራ አስኪያጁ በግልጽ ነገርኩት። በውሃ መለየቱ ፍትሕ የሚሆነው የተለየው ለባለቤቱ ሲመለስ ብቻ ነው። ኪሎዋን ቀንሰን ቡናዋን ካስቀረንባት ከአሮጌው አሠራር የከፋ ነው፤ ቀድሞ ቢያንስ ተመዝኖላት ነበር። ደግሞም ነገ በርሜሉን ሲያዩ ወደ ሌላ ተቀባይ ይሄዳሉ፤ ያኛው ሳይለይ ስለሚገዛ ጥሩ ለቃሚው ከእጃችን ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ አስቦበት ከሰዓት በኋላ ወሰነ። ተንሳፋፊው በባለቤቱ ጆንያ ተመላሽ ይሁን፣ ጣቢያው እንዲገዛው የፈለገ ደግሞ በጀንፈል ሒሳብ ለብቻ ይመዘንለት። ወረቀት ላይ ጽፌ ከሚዛኑ በላይ ለጠፍኩት። እናትየዋ የራሷን ይዛ ሄደች።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ትናንት በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ ከዚህ ቀደም ታይቶ የማያውቅ ደረጃ ደርሷል፤ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ ከ3 ዶላር ከ40 ሳንቲም አልፏል። እስካሁን የነበረው ክብረ ወሰን የ1969 ዓ.ም. ነው። ያኔ ብራዚልን ውርጭ መትቷት ነበር፤ ዘንድሮ ብራዚልን የመታት ድርቅ ነው፣ ቬትናምም ደርቃለች።

የራሳችን ገንዘብም በቅርቡ ከቆመበት ተለቋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ገበያው እንዲወስነው አድርጓል። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ120 ብር በላይ ነው። በደርግ ዘመን ሁሉ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆኖ ቆሞ፣ በ1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር እንደተደረገ የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሉ። ያኔ የወሰነው መንግሥት ነው፤ አሁን በየዕለቱ የሚወስነው የባንኮች ገበያ ነው ይባላል።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ክርክሩ ጦፎ ነበር። አንዱ ላኪው ዶላሩን በእጥፍ ብር ስለሚያገኝ ለገበሬው እጥፍ ይክፈል ይላል። ሌላው ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ የመኪና ጎማውም በዚያው ዶላር ነው የሚመጣው ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የእሸት ዋጋ ከዓምናው ከፍ ማለቱን በየቀኑ በምቆርጠው ደረሰኝ አያለሁ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ዋጋው ሲጨምር ለጥራት የሚደረገው ጥንቃቄ ይላላል። ተቀባዮች እየተሻሙ ስለሚገዙ አረንጓዴውም፣ ጥቁሩም፣ ተንሳፋፊውም አብሮ ይገባል። ገዢ በበዛበት ወቅት በርሜል ይዞ መቆም ከባድ ነው። የዓለም ዋጋ ደግሞ በ1969 የወጣው ወርዷል፤ ይህኛውም አንድ ቀን ይወርዳል። ያን ቀን ገዢው የሚመርጠው ጣቢያ በውድ ጊዜ ስሙን ያላበላሸውን ነው ብዬ አምናለሁ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ስለ ውሃ ስጽፍ ወንዙን ብዘለው ነውር ነው። የበርሜሉ ውሃ ትንሽ ነው፤ ደጋግመን እንጠቀምበታለን፣ ሲደፈርስ እንቀይረዋለን። የመፈልፈያውና የቦዩ ግን ብዙ ነው፣ ሙጫና ገለፈት ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ያ ሙጫ ወንዝ ውስጥ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ ከታች ያለው ሰው ከብቱን የሚያጠጣው እዚያ ነው። ጉድጓድ ቆፍረን፣ ዳሩ ላይ ቬቲቨር ሣር ተክለን ውሃው እንዲያርፍ አድርገናል፤ ለቀማው በሚበረታበት ሳምንት ግን ይሞላል። ዛሬ ከጥበቃው ጋር ሆነን ገለፈቱን ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ስንወስድ ዋልን። ሌላ ጉድጓድ መቆፈር አለበት።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ለቀማው ወደ ማለቁ ነው። ከታች ያለው ቀበሌ ጨርሷል፣ የደጋው ገና ይመጣል። ለውጡ ግን ገብቶኛል። ብዙዎቹ ሴቶች ዛሬ ያመጡት ቡና በርሜል ውስጥ ሲገባ ከላይ የሚቀር የለውም ማለት ይቻላል። አንዷን ስጠይቃት፣ "ቤት በባልዲ አይቼው ነው የመጣሁት፤ የቀረውን አሰጥቼዋለሁ" አለችኝ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ቀላሉን ቡና ተሸክማ ዳገት አልወጣችም፣ ከማንም ጋር አልተከራከረችም፣ ጀንፈሏም ደጃፏ ላይ ነው። ከሚዛኑ ፊት ስትቆምም ምን እንዳላት አውቃ ነው የመጣችው።

ከወደ ኮረብታው የመጡት ገበሬም የታችኛውን ማሳ ግማሹን ሊጎነድሉ ወስነዋል። ሁሉንም አንዴ አይደለም፤ ግማሹ ሲያፈራ ሌላውን። ችግኝ ጣቢያው መቼ እንደሚከፈት ጠይቀውኝ ሄዱ።

የቀረው በየመንደሩ ያሉት መረከቢያ ቦታዎች ናቸው። እዚያ ውሃም በርሜልም የለም፤ የተገዛው ሁሉ ባንድ መኪና ተጭኖ ሲመጣ የማን እንደሆነ መልሶ ይጠፋል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስፈልገንን ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቻለሁ። ለያንዳንዱ መረከቢያ ሁለት በርሜልና አንድ የማንጠፈፊያ አልጋ፣ ውሃ የሚያመላልስ አህያ ላለው ሰው የቀን ክፍያ፣ ተንሳፋፊው ተመላሽ መሆኑን የሚገልጽ በአማርኛና በጌዴኦኛ የተጻፈ ሰሌዳ። በርሜሉንና ሰሌዳውን ተቀብሎታል። የአህያውን ሒሳብ እንደገና ሠርቼ እንዳመጣ ነግሮኛል፤ ነገ ጠዋት ከተቀባዮቹ ጋር ቁጭ ብለን እንሠራዋለን።